የመጀመሪያው ቅጠል በነፃ ነው

ሐረር ጁገል ውስጥ ካሉት የቆዩ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መደቡን ነው። ሐረሪዎች ነደባ ይሉታል፤ ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ምንጣፍና ትራስ የተደረደረበት መቀመጫ። የት እንደሚቀመጥ እንግዳው አይመርጥም፤ ቤቱ ሲሠራ ተወስኗል። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ስለሚያይ ገቢና ወጪው አያመልጠውም። ግድር ነደባ ለሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው ደግሞ የታናናሾቹ። አንድ ልጅ ዘሎ አሚር ነደባ ላይ ቢወጣ የሚቆጣው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሲያየው ግን መውረዱ አይቀርም።

መቀመጫውን ያነሣሁት ስለ ጫት ልጽፍ ስለሆነ ነው፤ ስለ ጫት ስልም ስለ ልጆች ማለቴ ነው። ድሬዳዋ ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያስተማርኳቸው አብዛኞቹ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ድምፃቸው ገና እየጎረነነ ያለ። ልጁ መቃም የጀመረበት ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጄን ያበላሸው ጓደኛው ነው»። በማግስቱ የጓደኛው እናት ትመጣና ያንኑ ትደግማለች፤ የእሷን ልጅ ያበላሸው ደግሞ የትናንትናው ልጅ ነው። ሁለቱም ወላጆች እውነታቸውን ነው። የታሪክ አስተማሪን ግን ሌላ ጥያቄ ይከነክነዋል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ለእኩያው ጫት የሚያድልበት ዘመን እንዴት መጣ? ድሮ እንዲህ አልነበረምና።

ስለ ቅጠሉ ካሉን የቆዩ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ ከፎከረባቸው ነገሮች አንዱ በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ የሚል ነበር። ፉከራው አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ አደርጋለሁ ከሚለው ጋር አብሮ ነው የተጻፈው፤ ጸሐፊውም ሙስሊሞች ይህን ተክል እንደሚወዱ ለአንባቢው ያስረዳል። ጫት የማን እንደሆነ ያኔም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሰነበተ። እሱም ያየው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዑለማዎቹ ኪታብ እያነበቡ ይቅማሉ፣ ቅጠሉም የጻድቃን ምግብ ተደርጎ ይታያል። ወሎም ሄዳችሁ ሐድራ በሚባለው የጸሎት ጉባኤ ላይ ብትቀመጡ ዱዓው፣ ዕጣኑ፣ ቡናውና ጫቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት፤ ሌሊቱን በጸሎት ለማንጋት፣ እንቅልፍን ለመርታት። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ቅጠሉ የሙስሊም ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ሰፈር ውስጥ ክርስቲያን ሲቅም ከታየ ወሬ ይሆን ነበር። ይህ አይግረማችሁ፤ ዛሬ ያለሱ ማኅበርም ሐዘንም የማይታሰበው ቡና ራሱ እስከ ምኒልክ ዘመን ድረስ በብዙ ካህናት ዘንድ የተጠላ ነበር።

እኔ የማውቀው የጫት ሥርዓት፣ በርጫው፣ የአባቴ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፤ ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ይመጣሉ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ዓረቡ፣ ጉራጌው፣ አማራው፤ ድሬ ነዋ! ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ፍራሹ ላይ ይደረደራሉ። ጫቱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መሐል ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ ሁሉም አሜን ይላል፣ ከዚያ እስሩን ፈተው ለያንዳንዱ ይሰጣሉ። እኔና ወንድሜ ውኃ እናመላልሳለን፣ ሻይ የያዘውን ፔርሙዝ እናቀርባለን፣ ሲያበቁ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ገረባውን፣ እንጠርጋለን። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያበቃል። ሰኞ ሥራ አለ።

አንድ ቀን ገረባውን ስጠርግ አንዲት ለምለም ቀንበጥ አገኘሁና ወደ አፌ አስጠጋኋት። ሐጂ አዩኝ። «አንተ ገና ነህ» አሉኝ፤ «ጊዜው ሲደርስ እኔው ራሴ ጀባ እልሃለሁ።» ማንም አልሳቀም። ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ቀንበጧን ከገረባው ጋር ጠረግኋት። ሐጂ ጊዜው ሳይደርስ ሞቱ፤ እኔም ሳልቅም ቀረሁ።

በዚያ ቤት ውስጥ ለልጅ ስለ ጫት ጉዳት የሰበከ ሰው አልነበረም። ልጁን ከቅጠሉ የለየው ሥርዓቱ ነው፤ ሰዓቱ፣ መቀመጫው፣ የታላቁ እጅ። ልብ በሉ፣ እኩዮቼ ጫት ሊሰጡኝ አይችሉም ነበር፤ እጃቸው ላይ ጫትም ሆነ መግዣው የለምና። ሊገፋፉኝ የሚችሉት ባላቸው ነገር ነው። ያላቸው ደግሞ የሚሄድ ባቡር ፉርጎ ላይ መንጠልጠልና የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሲሞላ «ወንድ ከሆንክ ተሻገር» ማለት ነበር። በዚያ «ወንድ ከሆንክ» ምክንያት ጎርፍ የወሰደው ልጅ አለ። ስለዚህ የድሮ እኩያ ደግ ነበር እያልኩ አይደለም። በርጫውም ቅዱስ ነበር አልልም፤ ከአባቴ ጓደኞች መካከል ደመወዙን በሙሉ ጫት ላይ ጨርሶ ሚስቱ ከኛ ቤት ዱቄት ትበደር የነበረ ሰው አውቃለሁ።

ይህን የሥርዓት አጥር መጀመሪያ የነቀነቀው ያው አባቴ ይሠራበት የነበረው ባቡር ነው። ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። ከ16 ዓመት በኋላ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ለጫት ምን እንደሆነ የሚገባው የቅጠሉን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። ጫት የሚፈለገው እርጥብ ሳለ ብቻ ነው። የቃሚውን መነቃቃት፣ ምርቃናውን፣ የሚያመጣው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ካቲኖኑ እየከሰመ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ያደረ ጫት ይዞ የመጣን ሰው ቃሚ አያናግረውም። በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ ውኃ የሚረጨው፣ ጫት የጫነ መኪና ለማንም መንገድ ሳይለቅ የሚበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ባቡር ከመምጣቱ በፊት ጫት ከተተከለበት ቀዬ ብዙ አይርቅም ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጠዋት የተቀነጠሰው ሩቅ አገር ደረሰ።

ከባቡሩ አውሮፕላኑ ባሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ጫት ከጭነቶቹ አንዱ ሆነ፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ዓደን ያራግፋል። ዓደንን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች በ1949 ዓ.ም. ከለከሉት፤ ከሚያሳስቧቸው ነገሮች አንዱ ወደ ኢትዮጵያ የሚፈሰው ገንዘብ ነበር። እገዳው ዓመት ያህል ቆይቶ ተነሣ። በሐረርና በሐረማያ መካከል ያለችው አወዳይ ሌት ተቀን የማትተኛ የጫት ገበያ ሆነች። በ1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ፈርሶ ዋጋው ሲያሽቆለቁል የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። አልፈርድበትም፤ ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፣ ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ድርቁንም ይችላል። ሕዝቅኤል ገቢሳ የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ቅጠሉ ከ1875 እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የሐረርጌን እርሻ እንዴት እንደለወጠው በዝርዝር ጽፈዋል። ዛሬ ጫት ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገቡት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ቅጠሉ ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ጉልት ላይ ተቀመጠ። ጉልት ላይ ያለ ነገር ዕድሜ አይጠይቅም። ሳንቲም ያለው ሁሉ ገዢ ነው።

ልጆቹን ወደ ጉልቱ የጎተታቸው ግን ንግድ ብቻ አይደለም፤ ፈተናም ነው። እኔ በ1960ዎቹ ተማሪ ሳለሁ የሚቅም የክፍል ጓደኛ ቢኖር ተደብቆ ነው። አስተማሪ ሆኜ ስመለስ ነገሩ ተቀይሮ ቆየኝ። ማትሪክ የሚባለው ፈተና የልጁንም የቤተሰቡንም ዕድል የሚቆርጥ ሆኗል፤ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ የወደቀ ሰፈር ይቀራል። ሌሊት የሚያነጋ ነገር ተፈለገ። ለዑለማው ኪታብ ያገለገለው ቅጠል ለተማሪው ደብተር ዋለ፤ ከዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ። «ለጥናት ነው» የምትለዋን ቃል ያህል ጫትን የረዳው ባቡርም አውሮፕላንም የለም። ወላጅ ሲሰማ ይለሳለሳል፣ አስተማሪም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ቅጠሉ እንቅልፍን ማባረሩ እውነት ነው፤ የተባረረው እንቅልፍ ግን ፈተና አዳራሽ ውስጥ ሲመጣ አይቻለሁ። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የሚጫጫነው ዱካክ አለ፣ ቅጠሉን አምጡ የሚለው ሐራራ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበውን ጠዋት ስጠይቀው አፍጥጦ የሚያየኝ ስንቱ ነው።

አንድ ተማሪዬ አሁን መሐንዲስ ሆኗል። የመጀመሪያውን ቀን ያጫወተኝ ካደገ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ሆኖ ለአስተማሪ የሚናገር የለም። ዘጠነኛ ክፍል ነው። አራት ልጆች «ና ሒሳብ እንሥራ» አሉት። ወላጆቹ ለሥራ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ልጅ ቤት ነው የተቀጣጠሩት። ደብተሩን ይዞ ሄደ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፣ ሒሳቡም በእርግጥ ተጀመረ። ቆይቶ አንደኛው ከፌስታል ውስጥ እስር አወጣ። ማንም ቃም አላለውም። እንዲያውም «እሱን ተዉት፣ አይፈልግም» አሉ፤ ከዚያ ለራሳቸው ብቻ ተከፋፍለው ወሬያቸው ደመቀ። እሱ የማያውቀው ቀልድ እየተነሣ ይሳቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ አለፈ። ከዚያ ከሁሉ የሚወደው ጓደኛው ጠጋ ብሎ ሦስት አራት ቅጠል በመዳፉ አኖረለት፤ «ለፈተናው እኮ ነው፣ ፋራ አትሁን»።

«ቲቸር፣ ቅጠሉን አልፈለግሁትም፤ ቀልዱን ነው የፈለግሁት» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን በነፃ ነበር፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው «ዛሬ አንተ ነህ ጋባዡ» ተባለ። የእናቱን የዕቁብ ገንዘብ የነካው በዚያ ሳምንት ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ግፊት የሚባለው ነገር በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። ወላጅ የሚያስበው ጎረምሳ ልጁን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያስገድደው ነው፤ ልጁም ይህንኑ ስለሚጠብቅ እውነተኛው ሲመጣ አይለየውም። ሳይጋብዙ ማግለል፣ ለብቻ መሳቅ፣ ከዚያ በጣም የሚወደድ ሰው ሲያቀርብ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ የሚሠራው ይህ ነው። ለተማሪዎቼ እደጋግም የነበረው አንድ ነገር ውሳኔው ጫማ ሳይወልቅ መሆኑን ነው። ጫማህን አውልቀህ ፍራሹ ላይ ከተደላደልክ በኋላ በአምስት ሰው መሐል ተነሥቶ መውጣት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። በር ላይ ቆመህ «ማን ማን አለ? ምን ልንሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ማንንም አያስቀይምም፤ መልሱ ካልጣመህ «ደብተር ረስቻለሁ» ብለህ ትመለሳለህ።

ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው የሚያውቁት መድኃኒት ስብከት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ርእሰ መምህሩ ማይክ ይይዝና ጫት አእምሮን ያደነዝዛል፣ ቤት ያፈርሳል ይላል። ሰልፉ ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ አባቱ እንደሚቅም ያውቃል፤ አስተማሪው ከምሳ በኋላ ጉንጩ አብጦ እንደሚገባም ያያል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1983 ከሎስ አንጀለስ ጀምረው ፖሊሶችን ወደየክፍሉ እየላኩ ልጆችን ስለ አደንዛዥ ዕፅ አስተምረዋል፤ ፕሮግራሙ ዴር ይባላል። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ትምህርቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት ልጆች ዕፅ በመጠቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደሌላቸው አሳዩ። «አይሆንም በል» ማለት ቀላል ነው፤ ለማን፣ የት፣ ምን ሰዓት ላይ የሚለውን ካልነገርከው ልጁ ምን ያድርገው?

እኔን የጠቀመኝ የሰሎሞን አሽ ሙከራ ነው። አሽ ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተማሪ አስቀድመው ከተማከሩ ሰዎች ጋር ያስቀምጥና መሥመሮች ያሳያቸዋል፤ ከሦስቱ የትኛው ከዚህኛው ጋር እኩል ነው? መልሱ በዓይን ይታያል። የተማከሩት ግን አንድ ላይ ሆነው ስሕተቱን ይናገራሉ። ያ ምንም የማያውቅ ተማሪ ወደ መጨረሻው ላይ ሲጠየቅ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ዓይኑን ክዶ ከእነሱ ጋር ይስማማል። ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ይህ ስምምነት ከነበረበት ወደ ሩቡ ይወርዳል። አንድ ሰው ብቻ!

እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሞክሬዋለሁ። የፊት ረድፍ ልጆችን አስማክሬ አጭሩን መሥመር ረጅም ነው አስባልኳቸው። መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ልጅ፣ ክፍሉ ውስጥ ከማንም በላይ ተከራካሪ የነበረው፣ ዓይኑን አሻሸ፣ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ፣ «እ… አዎ፣ ያ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ተናዶ ሲቀመጥ «በመሥመር እንዲህ ከሆንክ በጫት ምን ልትሆን ነው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለየአንዳንዱ የሰጠሁት የቤት ሥራ በየትም ቦታ አብሯችሁ የሚወጣ አንድ ሰው ያዙ የሚል ነበር። አምስት አላልኩም። በሐረሪዎች ዘንድ ከልጅነት ጀምሮ የሚዘልቅ የጓደኛ ቡድን ከዘመድና ከመረዳጃ ማኅበሩ ከአፎቻ ቀጥሎ ሰው የሚደገፍበት ትልቅ ነገር ነው፤ እኩያ እንደሚገፋ ሁሉ እኩያ ይይዛል። ልጅን ከጓደኛ ለይቶ ቤት መቆለፍ የሚመክሩ ሰዎች ይህን ይረሳሉ።

ሴቶቹን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ጫት ሻጮች እንጂ ቃሚዎች አይደሉም ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አይጠይቃቸውም። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ፤ ጓደኞቿ ሲያቀርቡላት የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባቴ ማታ ማታ አፌን ያሸተኛል፣ ይገድለኛል»። ልጆቹም ከልብ አዘኑላት፣ ተዉአት። አባቷ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ማታ ቤት ኖሮ አያውቅም። ይህን ስሰማ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ስማችሁን ለልጆቻችሁ አበድሩ» አልኩ። ክፉ አባት፣ ነገረኛ እናት ተብላችሁ ተጠሩ፤ ልጁ «እናቴ አትለቀኝም» ብሎ ፊቱን ሳያጣ ይውጣ። አንዳንዱ ወላጅ ውሸት ታስተምራለህ ብሎ ተቆጣኝ። አዎ፣ ውሸት ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በአምስት ጓደኞቹ ፊት ቆሞ አቋሙን በመርሕ እንዲያስረዳ የሚጠብቅ ሰው ግን ልጅ አሳድጎ አያውቅም።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለትምባሆና ለአልኮል መሸጫ ዕድሜን 21 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ ለጫት ግን እንዲህ ያለ ወለል አላበጀም። እንግሊዞች በ2006 ዓ.ም. ቅጠሉን ጭራሽ አገዱት፤ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ እነሱ አይዘሩትም፣ ገበሬያቸውም አይኖርበትም። እኔ እገዳ አልጠይቅም። ሐረርጌ ላይ ጫት ማገድ የገበሬውን ጉሮሮ መዝጋት ነው። ለልጅ አትሽጡ ማለት ግን ገበሬውን አይነካም፤ ይህን የዕድሜ ወለል ሳናበጅ መቆየታችን ማፈሪያ ነው።

ፈተናውም ከድሮው ከብዷል። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር በወጣ ማግስት «ለጥናት ነው» የምትለዋ ቃል እንደገና ጉልበት አገኘች። ስምንተኛ ክፍል ያሉት ታናናሾች ሳይቀሩ ሲያወሯት ሰምቻለሁ።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው። ድሬዳዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ጋደም ይላል፣ ጫት ተራ ብቻ ይደራል። የጠዋት ፈረቃ የሚማር ልጅ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል። ኳስ የሚጫወትበት የሰፈር ሜዳ ሕንፃ በቅሎበታል። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል፤ ኃላፊውም ምሳ ላይ ነው፣ ወይም በርጫ ላይ። ትልቅ ሰው የሌለበት፣ ነፋሻ የሆነ፣ ሻይ የሚፈላበት አንድ ቤት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ያም ያ ወላጆቹ ጅቡቲ የሚመላለሱት ልጅ ቤት ነው።

ስለዚህ ወላጆችና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ክፈቱት፤ ቁልፉን በሰዓቱ ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሰው ስጡት፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይ አስቀምጡ፣ አንድ የማይቅም አስተማሪ በተራ ይቀመጥ። ደመወዝ አትክፈሉን፣ ጡረተኞች ሞልተናል። እኔ ለማክሰኞና ለሐሙስ ስሜን አስመዝግቡኝ።